የእናት ጡት የፍቅር ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ብርቅ የሆነውን ነገር ያደንቃል፤ ዘወትር የሚያየውን ግን ቸል ይለዋል። እናት ልጇን ስታጠባ በየቤቱ ይታያል፤ ነገር ግን ይህ ሥራ ምን ያህል ጥበበ እግዚአብሔር ያለበት እንደ ሆነ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የእናት ጡት ምግብ ብቻ ሳይሆን እናትና ልጅ የሚተዋወቁበትና የሚተሳሰሩበት ማዕድ መሆኑን፤ ይህንንም ማዕድ መጠበቅ የእናቲቱ ብቻ ሳይሆን የባሏ፣ የቤተሰቧና የንስሐ አባቷ ጭምር ግዴታ መሆኑን እናስረዳለን።

በግእዝ ቋንቋ ጡት «ጥብ» ይባላል፤ ሲበዛም «አጥባት» ይላል፤ «ጠበወ» ማለት ጠባ ማለት ነው። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ከአብራኩ ያልወጣውን ሰው ልጅ ሊያደርግ የወደደ ሰው «የጡት አባት»፣ ልጅነትን የተቀበለውም «የጡት ልጅ» ይባል ነበር። የቃል ኪዳኑም ምልክት ልጅ የሚሆነው ሰው በማር የተነከረውን የአባቱን ጣት መጥባቱ ነበር። ወንድ ወተት እንደሌለው የታወቀ ነው፤ ሆኖም አባቶቻችን ዝምድናን ሊመሠርቱ በፈለጉ ጊዜ ከጡት የበለጠ ምልክት አላገኙም። መጥባት ማለት መጥገብ ብቻ ሳይሆን ልጅ መሆን እንደ ሆነ አስተውለው ነበርና።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት ነው። ፍጥረትን ሁሉ የሚመግብ አምላክ ሰው በሆነ ጊዜ እንደ አዳም ሙሉ ሰው ሆኖ መታየት ሲቻለው፤ በድንግል ማርያም ክንድ ታቅፎ ጡት የሚጠባ ሕፃን መሆንን መረጠ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው አንዲት ሴት ከሕዝቡ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተሸከመችውን ማኅፀንና ያጠባችውን ጡት አመሰገነች። ጌታም የእግዚአብሔርን ቃል ሰምቶ የሚጠብቅ ሁሉ ብፁዕ መሆኑን በመልሱ አስተማረ። ቃሉን በመስማትና በመጠበቅ ከእመቤታችን የሚበልጥ ስለሌለ፤ መልሱ ምስጋናዋን ከፍ የሚያደርግ እንጂ የሚያጐድል አይደለም። እንግዲህ አምላክ ያከበረውን ነገር ሰው ሊንቀው አይገባም።

አሁን ደግሞ ፈጣሪ ይህን ማዕድ እንዴት አድርጎ እንዳሰናዳው እንመልከት። ልጅ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከእናቱ ጡት የሚወጣው ወፍራምና ወደ ቢጫነት የሚያደላ ወተት እንገር ይባላል። በብዙ ቦታ ሰዎች መልኩን አይተው ያደረ ወይም የቆሸሸ ይመስላቸውና አልበው ይደፉታል፤ በፈንታውም ለሕፃኑ ቅቤ ያልሱታል ወይም የስኳር ውሃ ያጠጡታል። ይህን የሚያደርጉት ልጁን ወድደው ነው፤ ነገር ግን ሳያውቁ የመጀመሪያውን ጋሻውን ይነጥቁታል። እንገር መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቁ ነገሮች እጅግ የበዙበት ነው፤ ገና ለተወለደ ልጅ ትንሽ ሆድም መጠኑ የሚበቃ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ልጅ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፤ ከዚያም እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ወተት በቀር ሐኪም ካላዘዘለት ውሃ እንኳ ሳይጨመርለት እንዲያድግ ይመክራሉ። ውሃ እንዳይጠማው የሚሰጋ ሰው ቢኖር፤ የእናት ወተት ከ100 እጅ 87 ያህሉ ውሃ መሆኑን ይወቅ። ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየቀመሰ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊጠባ ይገባዋል።

ከምግቡ ጋር የሚሄደው ፍቅር ደግሞ እንዲህ ነው። ገና የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ይህም ርቀት ከእናት ጡት እስከ እናት ፊት ያለው ነው። ዓለምን ገና ሳያይ ዓይኑ የእናቱን ፊት እንዲያይ ተደርጎ ተፈጠረ ማለት ነው። በማኅፀን ሳለ የሰማውን ድምፅዋን ከሌላው ሰው ድምፅ ይለያል፤ ጠረኗንም ያውቃል። በረኀብ ሲያለቅስ ታነሣዋለች፤ ሲበርደው ታቅፈዋለች፤ እንዲህም በየዕለቱ ደጋግማ ስትደርስለት «ስጠራ የሚሰማኝ አለ» ማለትን ያለ ቃል ይማራል። መታመንን ከዚህ ይጀምራል። ኋላ አድጎ አባታችን ሆይ ብሎ ሲጸልይ የሚሰማ አምላክ እንዳለ ማመን የሚቀልለው፤ በሕፃንነቱ ጠርቶ ምላሽ ያገኘ ልጅ ነው።

አገራችን በምሳሌ ስትናገር «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ትላለች። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ለመሣቂያ ይነገራል፤ ነገር ግን የሕፃንን ልብ በእውነት የሚገልጥ ነው። ሕፃን ጥቂት ቆይታ ትመጣለች ብሎ ማሰብ አይችልምና የአንድ ሰዓት መለየት ለእርሱ ትልቅ ነው። ስለዚህ የሚያለቅስን ሕፃን «ይቀብጣል» ብሎ መተው ጭካኔ እንጂ ሥርዓት ማስያዝ አይደለም።

ይህ ግንኙነት እናቲቱንም ይለውጣታል። ሕፃኑ ጡት በያዘ ጊዜ ከአንጎል ሥር ካለችው አተር ከምታህል ዕጢ ሆርሞን የሚባሉ ነገሮች ወደ ደሟ ይገባሉ፤ አንዱ ወተቱን ያበጃል፤ ሁለተኛው ወተቱን ያወርዳል፤ ማኅፀኗንም ያኰማትራል፤ ከልጇም ጋር በፍቅር ያስተሳስራታል። ልጁ አብዝቶ በጠባ መጠን ወተቱ ይበዛል፤ ሳይጠባ በቀረ መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ ልጅ ተቀባይ፣ እናት ሰጪ ብቻ አይደሉም፤ ልጁ ሲጠባ እናቱን እናት ያደርጋታል፤ እናቱም ስታጠባ ልጁን ሰው ታደርገዋለች።

አባቶችና ባሎች ሆይ፤ በዚህ ላይ የእናንተን ድርሻ አስተውሉ። ወተትን የሚያወርደው ነገር በድንጋጤና በጭንቀት ጊዜ ይታገዳል። በቤቱ ውስጥ ጩኸትና ጠብ ካለ፤ ባል ሰክሮ የሚገባ ከሆነ፤ ጡቷ ሞልቶ ሳለ ወተቱ ለልጇ አልወርድ ይላል። ስለዚህ በአራስ ቤት ሰላምን የሚያደፈርስ ሰው ከገዛ ልጁ አፍ ምግብ እንደሚነጥቅ ይቁጠረው። ባል ጡት ማጥባት ባይችልም፤ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ትልልቆቹን ልጆች መጠበቅ፣ አጥሚት ማፍላት ይችላል። ሚስቱን የመገበ ልጁን መገበ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የዚህን ምሳሌ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 እናገኛለን። ሐና ብዙ ዘመን አልቅሳ ልጅ አገኘች፤ ባሏ ሕልቃና በየዓመቱ ወደ ሴሎ ወጥቶ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። ሳሙኤል በተወለደ ጊዜ ግን ሐና ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ እንደማትወጣ ለባሏ ነገረችው፤ እርሱም ደስ ያሰኛትን እንድታደርግ ፈቀደላት። ሐና ስለ ስለት የጸለየች፣ ልጇን ለእግዚአብሔር የሰጠች ሴት ናት፤ በመንፈሳዊነቷ የሚጠራጠር የለም። እርሷ ግን በቤቷ ተቀምጣ ማጥባቷን ከእግዚአብሔር እንደ መራቅ አልቈጠረችውም። ያ ያጠባችው ልጅም ካህንና ነቢይ ሆነ። አንዳንድ እናቶች በአራስነታቸው ወራት ከማኅሌትና ከቅዳሴ በመቅረታቸው ያዝናሉ። እኅቶቼ ሆይ፤ በሌሊት ተነሥታችሁ ልጃችሁን ስታጠቡ፤ በሐና ቤት የነበረ አምላክ በእናንተም ቤት አለ።

ስለ ጾምም ግልጥ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ጾም የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ ጾም የተሠራው ሰውን ለማዳን ነውና፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው እንደ እናት ትራራለች። የምታጠባ ሴት ለሁለት ነፍስ የምትመገብ ናት። ስለዚህ ድካም የተሰማት እናት በገዛ ፈቃዷ ከመጨከን ይልቅ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ የንስሐ አባትም ጕልበቷንና የልጇን ሁኔታ አይቶ በርኅራኄ ይምራት። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ግን የጾም ግዴታ አይመለከታቸውም። ሆኖም በጾም ወራት ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ከ6 ወር በላይ የሆነው ሕፃን ከወተትና ከእንቁላል የሚከለከልበት ቤት አለ። ይህ ጽድቅ አይደለም፤ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

ወተት ከምግብ በላይ መሆኑን ደግሞ የሙሴ ታሪክ ያስተምረናል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከወንዝ አውጥታ ሞግዚት ስትሻ፤ የሕፃኑ እኅት የገዛ እናቱን ጠራችላት፤ እናቱም ልጇን በደመወዝ አጠባችው። ሙሴ ከዚያ በኋላ በቤተ መንግሥት አደገ፤ ነገር ግን ወንድሞቹን አልረሳም፤ የፈርዖን የልጅ ልጅ መባልን ትቶ ከሕዝቡ ጋር መከራ መቀበልን መረጠ። ከወተቱ ጋር የእናቱን ቋንቋና የአባቶቹን ተስፋ ጠብቶ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። እናቶች ሆይ፤ ስታጠቡ ዝም አትበሉ፤ ስመ እግዚአብሔርን ጥሩ፤ ዘምሩለት፤ ልጁ ቃሉን ባያውቅ ዜማውን ያውቃልና።

ለደመወዝ ስለምትሠራው እናትም እንናገር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የ6 ወር እኩሌታ ነው። ቀሪውን እኩሌታ የሚሞሉት ዘመዶችና አሠሪዎች ናቸው። እናት ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ብትሄድ፤ አያት ወይም አባት በንጹሕ ስኒ ሊያጠጡት ይችላሉ። አሠሪም ለማጥባት ወይም ለማለብ የተከለለ ቦታና ጥቂት ጊዜ ቢሰጥ፤ ያ ከምጽዋት አያንስም።

በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ማጥባት ያልተቻላቸው እናቶች፤ እናታቸው የሞተችባቸውን ሕፃናት የሚያሳድጉም አሉ። እነዚህ በነቀፋ ሊቈስሉ አይገባም። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናትም መድኃኒቷን በሚገባ እየወሰደች በሐኪም ምክር ማጥባት ስለምትችል፤ ጎረቤት በፍርሃት አያስቁማት። በጡጦም ሆነ በስኒ የሚያሳድግ ሰው ሕፃኑን በደረቱ አቅፎ፤ ዓይኑን እያየ፤ እያናገረ ይመግበው። በማር በተነከረ ጣት አባት መሆን ከተቻለ፤ በፍቅር በተያዘ ስኒ እናት መሆን እንዴት አይቻልም?

በመጨረሻ ጡት የሚጣልበት ቀን ይመጣል። ይስሐቅ ጡት በጣለ ጊዜ አብርሃም ታላቅ ግብዣ አደረገ ተብሎ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 ተጽፏል። በእኛ ዘንድ ግን ጡት ላይ እሬት ወይም ሌላ መራራ ነገር ቀብቶ በአንድ ቀን ማስጣል ልማድ ሆኗል። እስከ ትናንት ማር የሆነለት ማዕድ ዛሬ ድንገት ሲመርረው ሕፃኑ ምን ይበል? ቀስ በቀስ፣ በሌላ ምግብና በእቅፍ እያባበሉ ማስጣል ይሻላል። ዳዊት በመዝሙር 130 ጡት የተወ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ጸጥ ብሎ እንደሚያርፍ ነፍሱን በዚያ መስሏታል። ያ ልጅ ከእናቱ ወተት አይፈልግም፤ እርሷን ራስዋን ይፈልጋል። የማጥባት ፍሬው ይህ ነው፤ ወተቱ ሲያልቅ ፍቅሩ ይቀራል።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው ሥጋ ወደሙ ሲቀበሉ፤ ከእናታቸው ማዕድ ወደ መድኃኔ ዓለም ማዕድ ይሻገራሉ። ሁለቱም ማዕዶች ሰጪው ከራሱ የሚሰጥባቸው ናቸውና፤ ፊተኛው ለኋለኛው ያዘጋጃል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 49 እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለውን አሳብ ሲገልጥ ከምታጠባ እናት የሚቀርብ ምሳሌ አላገኘም፤ እርሷ ብትረሳ እንኳ እግዚአብሔር እንደማይረሳ ተናገረ እንጂ። እንግዲህ በቤታችን የምታጠባ እናት ስናይ የእግዚአብሔርን ርኅራኄ ጥላ እያየን መሆኑን አንርሳ፤ እንጠብቃት፤ እንመግባት፤ እናሳርፋት።

የሐናን ጸሎት የሰማ አምላክ፤ ያጠቡትን ይባርክ፤ የሚያጠቡትን ያበርታ፤ ያልወለዱትን ያጽናና፤ እናት የሌላቸውን ሕፃናት ያሳድግ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።