የምድጃው ዕውቀት ከደን መጽሔት እንዲደርስ

በብቸናና በሞጣ ከተሞች በየቀኑ እሳት የምታነድ እናት ስለ ዛፍ የምታውቀው ብዙ ነው። የትኛው እንጨት ፍሙ እንደሚቆይ፣ የትኛው ጭሱ ዓይን እንደሚለበልብ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ምጣዱን ፈጥኖ እንደሚያግል፣ ወይራ ደግሞ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ለማጠን እንደሚመረጥ ታውቃለች። ይህ ዕውቀት ግን ከማጀት አልፎ አይሄድም። በአንጻሩም በግብርና ጽሕፈት ቤትና በትምህርት ተቋማት የሚሠሩ እኅቶቻችን ስለ ደን ያጠኑት ጥናት ብዙ ጊዜ ከመሳቢያ ሳይወጣ ይቀራል። ሁለቱን ዕውቀቶች አገናኝቶ ለሌሎች የሚያደርሳቸው በደን መጽሔት ላይ የሚታተም የጥናት ጽሑፍ ነው። በዛሬው ዝግጅታችን ይህ ጽሑፍ እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት እንደሚላክ እንመለከታለን።

ለምን ይጻፋል?

የምርምር መጽሔት ከተራ መጽሔት የሚለየው የሚቀርብለትን ጽሑፍ በሙያው የበሰሉ ሌሎች ሰዎች መርምረው ካላለፉት በስተቀር የማያትም በመሆኑ ነው። በአገራችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲኔት የተባለውን የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሲያሳትም ቆይቷል። ከባሕር ማዶም እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተውና ዛፍን ከእርሻ ጋር አጣምሮ ስለመያዝ የሚጽፈው አግሮፎረስትሪ ሲስተምስን የመሰሉ መጽሔቶች አሉ።

የእንዲህ ያለ ጽሑፍ ጥቅም ምን እንደሆነ ለመረዳት ከሞጣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ጎንደር መመልከት ይበቃል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚያ አካባቢ የሚገኙትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር ከሚገኘው የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረጋቸውን አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ ዓለም አቀፍ የደን መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ከብት እንዳይገባበት የታጠረ የደን ክፍል ካልታጠረው ይልቅ ችግኝ እንደሚያበቅልና እንደሚያሳድግ በቁጥር አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በርከት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል። ከብት ችግኝ እንደሚበላ ማንም እረኛ ያውቅ ነበር፤ ተለክቶ በመጻፉ ግን ለሥራ የሚሆን ማስረጃ ሆነ።

ከመጻፍ በፊት

ብቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው፣ የጮቄ ተራራን ተንተርሰው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሜዳው ለጤፍ ታርሷል፤ የጥንቱ ጽድና ወይራ በብዛት የሚታየው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ያለው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ አንዲት ባለሙያ በሁለቱ ከተሞች የአንድ ቤተሰብ የማገዶ ፍጆታ ምን ያህል እንደሆነ ለማጥናት ተነሣች እንበል። ሥራዋ ከምን ይጀምራል?

መጀመሪያ ጥያቄዋ አንድና ግልጽ መሆን አለበት። ቀጥሎ ትክክለኛውን ሰው መጠየቅ ይኖርባታል። አባወራውን «በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት ትጨርሳላችሁ?» ብትለው የሚነግራት ግምት ነው፤ ማገዶውን የምታውቀው የምታነድደው ናት። ከሁሉም የሚሻለው ግን መመዘን ነው። ጠዋት የተከመረው እንጨት በሚዛን ይመዘናል፤ በማግሥቱ የቀረው ይመዘናል፤ በመካከሉ የተጨመረው ይደመራል፤ በቤቱ በተመገቡት ሰዎች ቁጥርም ይካፈላል።

እዚህ ላይ የቤት ሙያ የማያውቅ ተመራማሪ በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም። የጋገሩበት ቀን ብቻ ከተመዘነ ፍጆታው ይበዛል፤ ያልጋገሩበት ቀን ብቻ ከተመዘነ ያንሳል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት መመዘን ያስፈልጋል። ጾሙና ፍስኩ፣ ሠርጉና ተዝካሩም በመዝገቡ መታወቅ አለባቸው። እርጥብ እንጨት ከደረቁ እንደሚከብድ፣ ኩበትም ማገዶ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ከሁሉ በፊት ደግሞ የቤቱ እመቤት ጥናቱ ለምን እንደሚደረግ ተነግሯት በፈቃዷ መስማማት ይገባታል።

ጥናቱ ቆሞ የሚታይን ዛፍ የሚመለከት ከሆነ የግንዱ ውፍረት ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል። የዛፉ ስም ከአገሬው አጠራር ጋር በሳይንሳዊ ስሙም ይጻፋል፤ ለምሳሌ ብሳና ክሮቶን ማክሮስታኪየስ፣ ዋንዛ ኮርዲያ አፍሪካና ይባላል። አንድ ስም በሁለት ቦታ ለሁለት የተለያዩ ዛፎች ሊሰጥ ስለሚችል ቅጠሉና አበባው በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ከደረቀ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ይመሳከራል።

የጽሑፉ አካላት

የጥናት ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው መልክ አለው። አርእስቱ አጭርና ቦታውን የሚናገር ይሁን። አኅጽሮቱ ሙሉውን ጥናት በአንድ አንቀጽ ይናገራል፤ ብዙ አንባቢ ከዚያ ስለማያልፍ ዋናው ቁጥር እዚያ መግባት አለበት። መግቢያው ጥያቄው ለምን እንደተነሣ፣ የአጠናን ዘዴው ምን እንደተሠራ፣ ውጤቱ ምን እንደተገኘ፣ ማብራሪያው ደግሞ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ይገልጻሉ። የዘዴው ክፍል የምግብ አሠራር እንደማስተማር ነው፤ ሌላ ሰው አንብቦት ያንኑ ሥራ መድገም ካልቻለ ጎደሎ ነው። ውጤቱና ማብራሪያው እንዳይደበላለቁ ጥንቃቄ ያሻል።

የጸሐፊዎች ስም አቀማመጥ ብዙ ቅሬታ የሚነሣበት ጉዳይ ነው። ስሙ ሊገባ የሚገባው በሐሳቡ፣ በሥራውና በጽሑፉ የተካፈለ ሰው ነው። በአለቅነቱ ብቻ ስሙ የሚጨመር መኖር የለበትም፤ ሥራውን የሠራች ሴትም ወደ ኋላ መገፋት የለባትም። ይህ ጉዳይ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ቢወሰን መልካም ነው። ቤታቸውን ከፍተው ያስመዘኑት እናቶች ደግሞ በምስጋናው ክፍል ሊታወሱ ይገባል።

መላክና መልስ መጠበቅ

ጽሑፉ ከመላኩ በፊት መጽሔቱ ለጸሐፊዎች ያወጣው መመሪያ ተነብቦ የገጹ ብዛት፣ የሠንጠረዡ አሠራርና የዋቢው አጻጻፍ በዚያው ልክ ይስተካከላል። መመሪያውን ያልተከተለ ጽሑፍ ሳይነበብ ሊመለስ ይችላል። ከጽሑፉ ጋር ለዋና አዘጋጁ ጥናቱ ምን አዲስ ነገር እንደያዘ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይላካል። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ ነውር ነው።

መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ጊዜም «ይታረም» የሚል ነው፤ ይህም የተስፋ ምልክት እንጂ የውድቀት አይደለም። ገምጋሚዎቹ የሰጡት አስተያየት በተራ ቁጥር ተጽፎ ለእያንዳንዱ በትሕትና መልስ ይሰጣል፤ የተስማማንበት ይታረማል፤ ያልተስማማንበት በማስረጃ ይብራራል። «አይታተምም» ከተባለም በአስተያየቱ ተሻሽሎ ለሌላ መጽሔት መላክ ይቻላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በጥቂት ቀን ውስጥ እናትማለን እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ፣ ግምገማ የማያደርጉ አስመሳይ መጽሔቶች በዝተዋል። የወር ደመወዝ ከመክፈል በፊት መጽሔቱን ልምድ ላለው ሰው ማሳየትና ያሳተማቸውን ጽሑፎች ማንበብ ያስፈልጋል። ክፍያ የሚጠይቁ እውነተኛ አሳታሚዎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ጸሐፊዎች ክፍያውን ይቀንሳሉ ወይም ያነሣሉ፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የሌሎችን ጽሑፍ ለማንበብም የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው አጎራ የተባለው አገልግሎት በተቋማት በኩል ይገኛል።

የቤተሰብ ድርሻ

ቀን ቢሮ ውላ፣ ማታ እራት አቅርባ፣ ልጆች ካስተኛች በኋላ ኮምፒዩተር ፊት የምትቀመጥ እናት ጽሑፏን ለመጨረስ የሚያስፈልጋት ከሁሉ በላይ ጊዜ ነው። ባለቤቷ ልጆቹን ቢይዝላት፣ ትልልቆቹ ልጆች ወንድ ሴት ሳይሉ ዕቃ ቢያጥቡ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት የእርሷ ቢሆኑ ሥራው ይገፋል። የሥራ ባልደረቦቿም ረቂቁን አንብበው ስሕተቱን ቢነግሯት ከሙገሳ ይበልጥ ይጠቅሟታል።

ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣም ሥራው አላለቀም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ውጤት በቀላል አማርኛ በሁለት ገጽ ተጽፎ በብቸናና በሞጣ ላሉት እናቶች መመለስ አለበት። የትኛው ምድጃ ማገዶ እንደሚቆጥብ፣ የትኛው ዛፍ በጓሮ ቢተከል እንደሚሻል ከራሳቸው ሚዛን የተገኘውን ማወቅ መብታቸው ነው። በመሳቢያችሁ ያልታተመ ጥናት ያላችሁ እኅቶች ሆይ፣ ዛሬ ማታ አውጡትና አኅጽሮቱን ጻፉ።