የከተማ ባቡር ጣቢያና የባለሱቁ ድርሻ

በአዲስ አበባ ለገሃር የተባለውን ሰፈር የማያውቅ ነጋዴ አይገኝም፤ ነገር ግን ስሙ ከፈረንሳይኛ ቋንቋ የተወሰደና ትርጕሙም «ባቡር ጣቢያው» ማለት እንደ ሆነ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1917 ዓ. ም. ወደ ዋናው ከተማችን ከገባ በኋላ ጉምሩኩም፣ መጋዘኑም፣ ሆቴሉም ወደ ጣቢያው ተጠጉ። ድሬዳዋም ከተማ ሆና የተቈረቈረችው ሐዲዱ በ1902 ዓ. ም. ከዚያ ስለ ደረሰ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ጣቢያ ባለበት ገበያ ይኖራል ማለት ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ፣ በጣቢያው ምክንያት የሚገኘው ትርፍ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። ለሐዲዱ ባለቤት ነውን? ለመሬቱ ባለቤት ነውን? ወይስ በጣቢያው ደጃፍ ሱቅ ለከፈተው ነጋዴ? ይህን ጕዳይ ለመረዳት የከተማ ባቡር ቀድሞ የተጀመረባቸውን አገሮች ታሪክ መመልከት የሚበጅ ሆኖ አግኝተነዋል።

በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ጃንዋሪ 10 ቀን 1863 ዓ. ም. በለንደን ከተማ ለሕዝብ ተከፈተ። መንገዱ ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ሲሆን ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ለዚህ አሳብ ብዙ ዓመት የተከራከረው የሲቲ ማዘጋጃ ቤት የሕግ ጠበቃ የነበረው ቻርልስ ፒርሰን ነው፤ እርሱም ባቡሩ ሥራ ሊጀምር ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1862 ዓ. ም. ስላረፈ የድካሙን ፍሬ ሳያይ ቀረ። በዚያን ዘመን የለንደን ጐዳናዎች በጋሪና በሠረገላ ተጨናንቀው ስለ ነበር፣ ከከተማው ዳር ካሉት ታላላቅ የባቡር ጣቢያዎች ወደ ንግዱ መካከል ለመድረስ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። የሲቲ ማዘጋጃ ቤትም ይህ ነገር የከተማውን ንግድ እንደሚጐዳ ስለ ተረዳ ከኩባንያው የ200,000 ፓውንድ አክሲዮን ገዛ። ሥራው የተካሄደው ጐዳናውን ከላይ ቈፍሮ፣ ሐዲዱን ዘርግቶ፣ ከዚያ በኋላ በጡብ ቅስት በመክደን ነው፤ የሚስበውም የእንፋሎት ባቡር ስለ ነበረ በዋሻው ውስጥ ጢሱ ብዙ ነበር። ይህም ሆኖ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 38,000 ያህል ሰው ተሳፈረበት። ቤታቸው ስለ ፈረሰባቸው ድሆችና ለወራት ጐዳናቸው ስለ ተቈፈረባቸው ባለሱቆች ግን የምረቃው በዓል አልተናገረም።

በጣቢያ ውስጥ መሸጥ እንደሚያተርፍ አስቀድሞ ያስተዋለው ደብልዩ. ኤች. ስሚዝ የተባለው የእንግሊዝ የጋዜጣና የመጽሐፍ ነጋዴ ቤት ነው። ይህ ድርጅት በ1848 ዓ. ም. በለንደን በዩስተን ጣቢያ የመጀመሪያውን የመጽሐፍ መሸጫ ከፈተ። ባቡር የሚጠብቅ ሰው እጁ ባዶ፣ ልቡም ሥራ ፈት ስለሆነ ጋዜጣና መጽሐፍ ይገዛል፤ በዚህ ቀላል አሳብ ድርጅቱ በብዙ መቶ ጣቢያዎች መሸጫ እስኪኖረው ድረስ ተስፋፋ። ነገር ግን የመሸጫዎቹ ስፍራ የእርሱ አልነበረም፤ የባቡር ኩባንያዎቹ ተከራይ ነበር። በ1905 ዓ. ም. ሁለት ታላላቅ የባቡር ኩባንያዎች ከፍ ያለ ኪራይ ስለ ጠየቁ ውሉ ሳይታደስ ቀረ፤ ድርጅቱም 200 ያህል መሸጫዎችን በአንድ ጊዜ አጣ።

በዚህ ጊዜ የተደረገው ነገር ለማንኛውም ተከራይ ነጋዴ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ድርጅቱ ተሳፋሪውን ከጣቢያው ውስጥ ሊያገኘው ባይችል ወደ ጣቢያው በሚሄድበት መንገድ ላይ ሊያገኘው ቈረጠ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ጣቢያዎቹ በሚወስዱት ጐዳናዎች 150 ያህል ሱቆች ከፈተና ደንበኞቹን ጠበቀ። የባቡሩ ኩባንያ የጣቢያውን በር ይዞ ነበር፤ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ግን የኩባንያው አልነበረም።

የባቡር ኩባንያዎች በበኩላቸው ትርፉ ከቲኬቱ ሽያጭ ይልቅ በመሬቱ ላይ እንዳለ እየተረዱ መጡ። የለንደኑ የሜትሮፖሊታን ባቡር ኩባንያ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ የነበረውን ትርፍ መሬት ሳይሸጥ እንዲይዝ በሕግ ተፈቅዶለት ነበር፤ በ1919 ዓ. ም. አንድ የመሬትና የቤት ድርጅት እንዲቋቋም አድርጎ ከከተማው ውጭ አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮችን አስፋፋ። ቤት የገዛው ሰው በየቀኑ ለሥራ ወደ ከተማ ሲመላለስ የዚያው ባቡር ተሳፋሪ ስለሚሆን፣ ኩባንያው ከአንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠቀም ነበር።

ይህን ጥበብ ከሁሉ አስበልጦ ከዳር ያደረሰው ግን በጃፓን አገር የኦሳካው ነጋዴ ኢቺዞ ኮባያሺ ነው። ኮባያሺ በ1873 ዓ. ም. ተወልዶ፣ በሚትሱይ ባንክ ካገለገለ በኋላ፣ ዛሬ ሃንክዩ የሚባለውን የባቡር ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በ1910 ዓ. ም. የተከፈተው ይህ ሐዲድ ከኦሳካ ከኡሜዳ ጣቢያ ተነሥቶ በእርሻ መካከል አልፎ ታካራዙካ ወደምትባል የፍል ውሃ መንደር የሚሄድ ነበር። ተሳፋሪ የሌለው ባቡር ተብሎ ቢነቀፍ የሚያስደንቅ አልነበረም። ኮባያሺ ግን ተሳፋሪ ከሌለ ተሳፋሪን መፍጠር ይገባል አለ። በሐዲዱ ዳር አስቀድሞ በርካሽ የገዛውን መሬት ሸንሽኖ ቤት ሠራበትና ለደመወዝተኛው በአሥር ዓመት የሚከፈል በየወሩ ክፍያ ሸጠለት። በመንገዱ መጨረሻ በታካራዙካ በ1911 ዓ. ም. አዲስ የመታጠቢያ ቤት ከፈተ፤ በ1914 ዓ. ም. ደግሞ ሴቶች ልጆች ብቻ የሚዘፍኑበትን ቴአትር አስጀመረ። ስለዚህ ባቡሩ ጠዋት ሠራተኛውን ወደ ከተማ ያመጣል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ቤተ ሰቡን ወደ ታካራዙካ ይወስዳል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ባዶውን አይሄድም።

የቀረው መነሻው ጣቢያ ኡሜዳ ነበር። በ1920 ዓ. ም. ኩባንያው በጣቢያው አጠገብ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሠርቶ ምድር ቤቱን ሺሮኪያ ለሚባል የታወቀ የቶኪዮ መደብር አከራየ። መደብሩ የዕለት ዕቃዎችን ለተሳፋሪዎች ይሸጥ ነበር፤ አከራዩም ከዚያው ሕንፃ ሆኖ የተከራዩን ገበያ በየቀኑ ይመለከት ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላ በ1925 ዓ. ም. ኪራዩ አልታደሰም፤ በዚያው ሕንፃ ኩባንያው ራሱ የሃንክዩን ገበያ ከፈተ። በኤፕሪል 1929 ዓ. ም. ደግሞ ምድር ቤት ያለውን ባለ ስምንት ፎቅ የሃንክዩ መደብር አስመረቀ። የባቡር ኩባንያ በገዛ ጣቢያው ላይ የከፈተው የመጀመሪያው ታላቅ መደብር ይህ ነው እየተባለ ይነገራል። ሺሮኪያን ያየ ባለሱቅ ስለ ጣቢያ ኪራይ ውል ሁለት ጊዜ ሊያስብ ይገባዋል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የኮባያሺ የሒሳብ አሠራር ግልጽ ነበር። ሌላው መደብር ደንበኛ ለመሳብ ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ፣ የእርሱን ደንበኛ ባቡሩ ራሱ እስከ በሩ ያመጣለታል፤ ከዚህ የተረፈውን ወጪ ከዕቃው ዋጋ ላይ መቀነስ ይችላል። ምግብ ቤቱን በላይኛው ፎቅ አደረገው፤ ምሳ ፍለጋ የወጣው ሰው ሲወርድ በየፎቁ ዕቃ ያያልና። ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት በተያዘችበት ጊዜ ገንዘብ ያጠራቸው ወጣቶች ወደዚያ ምግብ ቤት እየመጡ ባዶ ሩዝ ብቻ አዝዘው በጠረጴዛው ላይ ያለውን ድልህ መሰል መረቅ እያፈሰሱበት ይበሉ ጀመር። አስተናጋጆቹ ሊከለክሏቸው ቢፈልጉም ኮባያሺ ሩዝ ብቻ የሚበሉ እንግዶችን በደስታ እንቀበላለን ብሎ አስታወቀ ይባላል። የዛሬው ድኻ ወጣት ነገ ባለ ደመወዝና ባለ ቤተ ሰብ እንደሚሆን ያውቅ ነበርና፣ ይህንን ልግስና ነው ብሎ ከመጥራት ይልቅ ረዥም ብድር ነው ማለት ይሻላል።

በቶኪዮ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ኖሪትሱጉ ሃያካዋ የመሠረተው ኩባንያ በእስያ የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ ባቡር በዲሴምበር 30 ቀን 1927 ዓ. ም. ከአሳኩሳ እስከ ኡዌኖ ሲከፍት ርዝመቱ 2.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ሐዲዱን ወደ ከተማው መካከል ለማስቀጠል ደግሞ ገንዘብ አጠረው። በዚህ ጊዜ ሚትሱኮሺ የተባለው የቆየ መደብር ጣቢያው በእርሱ ደጃፍ እንዲሆንና ስሙም በእርሱ እንዲጠራ ተስማምቶ የጣቢያውን ማሠሪያ ወጪ ቻለ። ጣቢያው በ1932 ዓ. ም. ሲከፈት ሚትሱኮሺማኤ፣ ማለት «በሚትሱኮሺ ፊት» ተባለ፤ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። በለንደን ሴልፍሪጅ የተባለው ባለ መደብር የቦንድ ስትሪት ጣቢያ በስሙ እንዲጠራለት ቢሞክርም አልሆነለትም።

ይህ ሁሉ ለታላላቆቹ መልካም ነበር። በየጐዳናው ያሉት ትንንሽ የጃፓን ባለሱቆች ግን ደንበኞቻቸው ወደ መደብሮች እየፈለሱ ሲሄዱ አጥብቀው አቤቱታ አሰሙ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1937 ዓ. ም. የመደብሮች ሕግ ወጣ፤ በዚህም ሕግ አዲስ መደብር ለመክፈት የመንግሥት ፈቃድ እንዲያስፈልግ ተደረገ፤ የመዝጊያው ሰዓትም ተወሰነ። ትንንሾቹ ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው ባይናገሩ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር።

ሆንግ ኮንግ ደግሞ ነገሩን ከመነሻው በውል አሰናዳችው። የምድር ውስጥ ባቡሯ በ1979 ዓ. ም. ሲከፈት ኩባንያው በጣቢያዎቹና በጋራዦቹ ላይ ቤትና የገበያ አዳራሽ የማሠራት መብት ነበረው። ለመሬቱ የሚከፈለው ዋጋ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ባለው ግምት ይሰላል፤ ባቡሩ ከመጣ በኋላ የሚጨመረው ዋጋ ከሕንፃ ሠሪዎቹ ጋር በሚደረግ ስምምነት ለሐዲዱ ሥራ ይውላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ባለሱቁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከራይ ነው።

በአገራችን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሴፕቴምበር 2015 ዓ. ም. ሥራ ጀመረ። ሁለቱ መሥመሮች በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ነበሯቸው። አብዛኞቹ ጣቢያዎች በአውራ መንገዱ መካከል ያሉ ጠባብ መቆሚያዎች ስለ ሆኑ፣ የኡሜዳን የመሰለ ሕንፃ ሊሠራባቸው አይችልም። ሐዲዱ በምድር ላይ በሚያልፍበት ስፍራ የተደረገው አጥርም እንደ ልብ መሻገርን ስለ ከለከለ፣ ከወዲያ ማዶ ይመጣ የነበረ ደንበኛ የቀረበት ባለሱቅ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በእኛ ከተማ ከጣቢያው ይልቅ ማቋረጫው ዋና ነገር ሆኗል። ተሳፋሪው ወርዶ በየት በኩል ይሻገራል፣ ከታክሲው ጋር የሚገናኘው በየትኛው ጥግ ነው፣ ይህን ሳያዩ ውድ ኪራይ መክፈል ገንዘብን ማባከን ነው።

ዕቃ አመራረጡም እንደዚሁ ነው። ጠዋት የሚቸኩል ሰው ዳቦና የሞባይል ካርድ ቢገዛ ነው እንጂ ጨርቅ አይመርጥም፤ የቤቱን ዕቃ የሚገዛው ማታ ሲመለስ ነው፤ ያም ቢሆን ተሸክሞት በተጨናነቀ ባቡር ሊሳፈር የሚችለውን ብቻ ነው። የኪራይ ውል የሚፈራረም ነጋዴም የዘመኑን ርዝመት፣ ውሉ ሲያልቅ የማደስ ቀዳሚነት የማን እንደ ሆነና አከራዩ በዚያው ስፍራ ተመሳሳይ ንግድ ሊከፍት ይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር አለበት።

በ1905 ዓ. ም. ከጣቢያ ወጥቶ ወደ ጐዳና የተሰደደው የስሚዝ ድርጅት ከመቶ ዓመት በላይ በሁለቱም ስፍራ ሲነግድ ኖረ። በ2025 ዓ. ም. ግን 480 ያህል የጐዳና ሱቆቹን ለሌላ ባለሀብት ሸጠ፤ በባቡር ጣቢያዎች፣ በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በሆስፒታሎች ያሉትን መሸጫዎች ለራሱ አስቀረ።