የቀለም ፊልም በወረታ ስለ ማጠብ፤ ለነጋዴው ያለው ጥቅምና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚለያዩበት ስፍራ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። የፎገራ ሩዝና ከብት በገበያዋ ያልፋል፤ ደረቅ ወደብም ስላላት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸቀጥ ለነጋዴዋ እንግዳ አይደለም። ከእነዚህ ሸቀጦች መካከል ክብደቱ ትንሽ፣ ኀላፊነቱ ግን ትልቅ የሆነ አንድ ዕቃ አለ፤ ይኸውም የቀለም ፊልም በቤት ውስጥ የሚታጠብበት የዱቄት ኬሚካል ነው።

የስልክ ካሜራ ከመጣ ወዲህ የፊልም ሥራ እጅግ ቀንሷል። ሆኖም በሣጥን ውስጥ ሳይታጠብ የቀረ የሠርግ ወይም የክርስትና ጥቅል ያለው ቤተ ሰብ፣ የሞተ ወላጁን መልክ ከዚያ በቀር በሌላ ስፍራ ላያገኘው ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥቅል የሚረከብ ፎቶ ቤት የሚረከበው የሰውን አደራ ነው።

የዛሬው አሠራር ሲ-41 ይባላል፤ የኮዳክ ኩባንያ በ1964 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር 1972) ያወጣው ነው። ጥቅሉ ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ወደ ማጠቢያው ታንክ ይገባል፤ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ የቀረው ሥራ በብርሃን ይፈጸማል። የመጀመሪያው ፈሳሽ በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ3 ደቂቃ ተኩል ያህል ይቆያል፤ ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ብር እየለወጠ በዚያው ቀለሙን ያወጣል። ሁለተኛው ፈሳሽ ብሩን አስወግዶ ቀለሙን ብቻ ያስቀራል። ከዚያም ፊልሙ በውኃ ይታጠባል፤ በመጨረሻ ማጽኛ ፈሳሽ ተሰጥቶት አቧራ በሌለበት ክፍል ተሰቅሎ ይደርቃል።

ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ቢሳሳት ቀለሙ ይዛባል። ስለዚህ ጠርሙሶቹና ታንኩ ሙቅ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሙቀቱም በትክክለኛ መለኪያ ይጠበቃል። የክረምት ውኃ ጭቃ ስለሚይዝ ዱቄቱን ለመበጥበጥ የተጣራ ውኃ ያስፈልጋል። በመለዋወጫ መደብር ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ንጹሕ ውኃ ለዚህ ይሆናል፤ ነገር ግን አሲድ ከሆነው የባትሪ ፈሳሽ ጋር እንዳይምታታ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው።

ወደ ሒሳቡ ሲመጣ፣ ዱቄቱ ከፈሳሹ ይልቅ ለማጓጓዝ ቀላል ነው፤ እሽጉ ሳይከፈትም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከተበጠበጠ በኋላ ግን አየር ያበላሸዋልና ዕድሜው በሳምንታት ይቆጠራል። 1 ሊትር እንደ ብዙዎቹ አምራቾች መመሪያ 8 ጥቅል ያህል ያጥባል። እንግዲህ በወር አንድ ጥቅል ብቻ የሚመጣለት ፎቶ ቤት ዱቄቱን ወዲያው ቢበጠብጥ ሰባቱን እጅ በከንቱ ያፈስሳል ማለት ነው። ትእዛዙን አጠራቅሞ፣ ለደንበኛውም ቀኑን አስቀድሞ ነግሮ፣ ስምንቱን በአንድ ሳምንት የሚያጥብ ግን ይጠቀማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚከተለው ነው። በአዲስ በተበጠበጠ ፈሳሽ መጀመሪያ ሊታጠብ የሚገባው ቢበላሽም የማይቆጭ የሙከራ ጥቅል ነው፤ የደንበኛው አደራ የሚገባው ይህ አምሮ ከወጣ በኋላ ነው። በጥቅሉ ላይ የተጻፈውም ይነበብ። ሲ-22 የሚል ጽሑፍ ያለው ከ1964 ዓ.ም. በፊት በነበረው አሠራር የሚታጠብ ስለሆነ በዚህ ሙቅ ፈሳሽ ሊበላሽ ይችላል፤ ኮዳክሮም የሚለውም በሲ-41 ቀለሙ አይወጣም። ለአሮጌ ጥቅል ባለቤት ዕድሜ ቀለሙን ሊያደበዝዘው እንደሚችል አስቀድሞ መንገር ከኋላ ጠብ ያድናል።

የሚቀረው የፍሳሹ ነገር ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ሁለቱም ወንዞች የሚገቡት ወደ ጣና ነው። ያገለገለው ፈሳሽ ብር ያዘለ ስለሆነ በቦይ ወይም በሩዝ ማሳ ዳር ሊደፋ አይገባም። ስሙ በተጻፈበት ጀሪካን ተከማችቶ፣ ጎርፍና ልጆች በማይደርሱበት ከፍ ባለ ስፍራ ተቀምጦ፣ ስለ አወጋገዱ የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣን ይጠየቅ። ጀሪካኑም ዳግመኛ ለዘይት ወይም ለመጠጥ ውኃ አይዋል።

ይህን ሸቀጥ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ከዱቄቱ ጋር ትክክለኛ የሙቀት መለኪያና በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ቢያቀርብ ገዢውን ከኪሣራ ያድናል፤ ገዢውም ተመልሶ ይመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንድ ጊዜ የተበላሸ ፊልም ግን ተመልሶ አይለቀምም።