የደም ግፊት ክኒን ስኳርን ያንራልን?

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስኳርና ደም ግፊት አንድ ላይ ስለያዟቸው ወገኖቻችን እንነጋገራለን።

እንበልና አንዲት የሞጣ እናት ለስኳራቸው ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊታቸው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ለክትትል ሄደው ሲለኩ ስኳራቸው ከወትሮው ጨምሮ ተገኘ። ጎረቤት ይህን ሰምቶ «ስኳርዎን ያናረው የግፊቱ ክኒን ነው፤ ይተዉት» አላቸው። ጎረቤት እውነት አለውን? ግማሹን አውቋል፤ ምክሩ ግን አደገኛ ነው።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ነው። ከጨውና ከውሃ ጋር ፖታሲየም የተባለውንም ንጥረ ነገር ያስወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ቆሽት ኢንሱሊንን እንደሚገባ አያመነጭም፤ ስኳርም ከፍ ይላል። ይህ የሚብሰው መጠኑ ሲበዛ ነው። በቀን ከ12.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም ሲወሰድ ግን ጭማሪው አነስተኛ ነው።

አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ክብደትንና ስኳርን በመጠኑ ሊጨምሩ ይችላሉ። ከዚህ የበለጠ ልናስተውለው የሚገባን ግን ስኳር ሲወርድ የሚሰማውን የልብ ምትና መንቀጥቀጥ መደበቃቸው ነው። ላብ ግን አይደበቅም። ስለዚህ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ድንገት ካላበው፣ ከራበው ወይም ግራ ከተጋባ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጣ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ኢናላፕሪል ስኳርን አያንርም፤ በሽንታቸው ፕሮቲን ለሚታይባቸው ሕሙማን ኩላሊትን ይጠብቃል። ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አይሰጥም። አምሎዲፒንም ስኳርን አይነካም፤ ቁርጭምጭሚትን ግን ሊያሳብጥ ይችላል።

ታዲያ ክኒኑን እንተወው? በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ በሆነው የብሪታንያ ጥናት 1,148 ስኳርና ግፊት ያለባቸው ሕሙማን ተከታትለዋል። ግፊታቸው በአማካይ 144/82 ከሆነው ዘንድ፣ 154/87 ከሆነው ይልቅ፣ አንጎል ውስጥ ደም የመፍሰስ ወይም የመዘጋት አደጋ በ44 በመቶ፣ ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞትም በ32 በመቶ ቀንሷል። በጥናቱ አቴኖሎል የወሰዱትም እንደ ሌሎቹ ተጠቅመዋል። ክኒኑ ስኳርን ትንሽ ቢጨምር ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይለውጠዋል፤ በገዛ እጅ የተተወ ግፊት ግን ሳይታወቅ አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል።

የረመዷን ወር ሲቃረብ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ሽንት የሚያበዛው ክኒን ከውሃ ጥም ጋር ተደምሮ ሰውነትን ያደርቃል። ስለዚህ ወሩ ሳይገባ ቀደም ብለን ሐኪም እናማክር፤ የክኒኑን ሰዓትና መጠን ሊያስተካክል ይችላል። በጾም ሰዓት ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ጾሙ ይፈታ። ለታመመ ሰው በሌላ ቀን መክፈል ተፈቅዶለታልና።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ሆስፒታል ለክትትል ስንሄድ የምንወስዳቸውን ክኒኖች ሁሉ ከነማሸጊያቸው እንያዝ። «ይህ ክኒን ስኳሬን ይነካል ወይ? የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የቤተሰብ አባላትም አዛውንቶቻችንን እናስታውሳቸው፣ አብረናቸውም እንሂድ።

አላህ ለሁላችንም ጤናና ዓፊያ ይስጠን።