የውሃ ማጣሪያ ሥራ ትርፍና ኪሳራ በሜምብሬኑ ይወሰናል

ከአሰላ በላይ ያለው የአርሲ ደጋ በምንጭ ውሃ የታደለ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በዋተርኤይድ ድጋፍ ከባዳ ተራራ ምንጮች በስበት ብቻ እየወረደ ለሂጦሳ ነዋሪዎች የተዳረሰው የቧንቧ ውሃ ለዚህ ምስክር ነው። ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከወንጂ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ባለው ቆላ የብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይበልጣል። የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው፣ ሲብስም አጥንት የሚያጎብጠው ይኸው ነው።

አነስተኛ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ተክሎ ውሃ በጄሪካን መሸጥ ባለሀብቱን የሚያጓጓውም በዚህ ምክንያት ነው። ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው የማሽኑን ዋጋና በሰዓት የሚያወጣውን ሊትር ነው፤ ደላላውም ከዚህ አልፎ አይናገርም። ከተተከለ በኋላ ገንዘብ የሚበላው ግን ሜምብሬኑ ነው። ይህ ተጠቅልሎ በቱቦ ውስጥ የሚገባ ስስ ፕላስቲክ በፓምፕ ግፊት ውሃውን እያሳለፈ ጨውንና ፍሎራይድን ያስቀራል። በደንብ ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ካልተያዘ ዓመት ሳይሞላው ሊጣል ይችላል። ተተኪው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው በባንክ ከ100 ብር ማለፉን የሚያስታውስ ነጋዴ ሂሳቡን ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

በማሽኑ ላይ የተጻፈው የማምረት አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ነው። ውሃው በ1 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ምርቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እንደ አሰላ ባለ ደጋ 15 ዲግሪ ውሃ የሚያጣራ ሰው ሩብ ያህሉን ምርት ቢያጣ ሜምብሬኑ ቆሸሸ ማለት አይደለም። ያለ ጊዜው በኬሚካል ማጠብም ዕድሜውን ያሳጥራል። ከቅዝቃዜው የመጣው ቅናሽ ከተነሳለት በኋላ ምርቱ በ10 በመቶ ከወረደ፣ ወይም በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በ15 በመቶ ከጨመረ ግን የእጥበት ጊዜው ደርሷል። ዘግይቶ የሚታጠብ ሜምብሬን ወደ ቀድሞው አቅሙ አይመለስም።

በእጥበቱ ቅደም ተከተል ብዙዎች ይሳሳታሉ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣ በመሆኑ ሲሊካ ይበዛበታል፤ በዚህ ላይ ረቂቅ ሕዋሳት የሚፈጥሩት ዝልግልግ ነገር ይደረባል። ስለዚህ አስቀድሞ ፒኤቹ ከ11 እስከ 12 በሆነ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ፣ በ30 ዲግሪ አካባቢ ሙቀትና በዝቅተኛ ግፊት እያዘዋወሩ ማጠብ፣ ከዚያም መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። በተጣራ ውሃ ከለቀለቁ በኋላ 2 በመቶ ሲትሪክ አሲድ ይከተላል። አሲዱ ከቀደመ ዝልግልጉንና ሲሊካውን ያጠነክረዋል። አሲድ መጀመሪያ የሚገባው ቆሻሻው ኖራ ብቻ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ክሎሪን ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ያለው ውሃ ከ200 እስከ 1,000 ሰዓት ቢያልፍበት ሜምብሬኑ ይበሰብሳል። የቧንቧ ውሃ የሚጠቀም ሰው ከፊቱ የከሰል ፊልተር ማስቀመጥና በጊዜው መቀየር አለበት። አሳሳቹ ነገር ሜምብሬኑ ሲበላሽ ምርቱ የሚጨምር መሆኑ ነው። ባለቤቱ በሊትሩ ብዛት ይደሰታል፣ ውሃውም ጥርት ያለ ነው፤ ፍሎራይድ ደግሞ ጣዕምም ሽታም የለውም። ደንበኛው የከፈለበትን ነገር እያጣ መሆኑን የሚያሳውቀው በየቀኑ ተለክቶ የሚመዘገብ የቲዲኤስ ንባብና በየጊዜው የሚደረግ የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ የጠነከረው ጨዋማ ውሃ በውስጡ እንዳይተኛ በተጣራ ውሃ መለቅለቅ ይገባል። ከሁለት ቀን በላይ የሚቆም ማሽን 1 በመቶ የሶዲየም ባይሰልፋይት ውሃ ተሞልቶ ይዘጋል፤ መድረቅ የለበትም። በካናዳ የሜፕል ዛፍ ፈሳሽን በዚሁ መሣሪያ አጥልለው ሽሮፕ የሚያፈሉ ገበሬዎች ሥራቸው የጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ሜምብሬኑን አጥበው በመከላከያ ውሃ ውስጥ እስከ ቀጣዩ ዓመት ያቆዩታል።

ተጣርቶ የሚቀረውም ውሃ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከ100 ሊትር 60 ሊትሩ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ፍሎራይዱ በቀሪው 40 ሊትር ይከማቻል። በሊትር 4 ሚሊግራም የነበረው ወደ 10 ሚሊግራም ይጠጋልና ለከብት ማጠጫ ሊለቀቅ አይገባም። የማስወገጃው ወጪ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት መታሰብ ይኖርበታል።