ፊርማ የሌለው የአስቀሎና ጥጃ

በዛሬዋ አስቀሎና ከተማ ካለው የባርኔአ ሰፈር በስተደቡብ፣ ከከተማው ማዶ፣ ባሕሩን ተጠግቶ የጥንቷ አስቀሎና ፍርስራሽ አለ። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በሎውረንስ ስቴጀር የሚመራው የቁፋሮ ቡድን እዚያ፣ በሰሜናዊው የከተማ በር አጠገብ፣ ቀፎ የምትመስል የሸክላ ማደሪያ አገኘ። ማደሪያዋ የአንድ ጥጃ ምስል ቤት ነበረች። የምስሉ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አሁን ኢየሩሳሌም በሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ይታያል።

ጥጃው ላይ አንድም ፊደል የለም። እንዲያም ሆኖ ባለሙያዎቹ የከነዓናውያን ሥራ ነው፣ ዕድሜውም ወደ 3600 ዓመት ይጠጋል ይላሉ። በምን አወቁ?

መጀመሪያ አሠራሩን ያያሉ። ገላው ቀልጦ የፈሰሰ ነሐስ ሲሆን ከላይ በብር ተለብጦ ነበር፤ ብሩ ዛሬ በከፊል ብቻ ቀርቷል። በጀርባውና በሆዱ ላይ ጠለቅ ያለ ቦይ ተስቧል፤ አንጥረኛው የብሩን ጠርዝ አጥፎ የወተፈው እዚያ ውስጥ ነው። ቀንዱ፣ ጆሮውና ጅራቱ ለየብቻ ተቀጥቅጠው የተሰኩ ናቸው። እጁ የሰላ ባለሙያ እንደሠራው ማንም ያየዋል፤ ማንነቱን ግን ይህ አይነግረንም።

ላቦራቶሪም ቢሆን የሚለው አለው፣ የማይለውም አለው። መዳቡና ቆርቆሮው ስንት ስንት እንደሆነ ይለካል። በመዳቡ ውስጥ ያለችው የእርሳስ ቅንጣት ማዕድኑ ከቆጵሮስ ይሁን ከደቡብ እስራኤሏ ቲምና ልትጠቁም ትችላለች። ችግሩ፣ የጥንት አንጥረኛ ያገኘውን ስብርባሪ ሁሉ አንድ ላይ ያቀልጥ ነበር። የነሐስን ዕድሜ በካርቦን መለካትም አይቻልም።

ስለዚህ ትልቁ ምስክር አፈሩ ነው፦ ጥጃው የተቀበረበት ንብርብር፣ ከእሱ ጋር የወጣው ሸክላ፣ የበሩ ቅርበት። ይኸው ጥጃ ከየት እንደወጣ ሳይታወቅ ከሱቅ ቢገዛ ኖሮ ያማረ ምስል እንጂ ሌላ አይሆንም ነበር።

አፈሩም ቢሆን ሁሉን አይመልስም። በዚያው በአስቀሎና፣ የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር በ604 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ካጠፋው ንብርብር የግብፁ አምላክ የኦሲሪስ የነሐስ ምስል ወጥቷል። ረጅሙ ዘውድና ደረት ላይ ያረፉት እጆች የግብፅ ወግ ናቸው። የተገኘበትና የተወለደበት አገር አንድ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ጽሑፍ ቢገኝስ? ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ባስቀረጸው ድንጋይ፣ ለአምላኩ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልቶች ማቆሙን ይናገራል። የንጉሡ ስም አለ፣ የወንድሞቹም አለ። እሳቱ ፊት ላቡን ያፈሰሰው ሰው ስም ግን የለም። ቀጥቃጭ ይናቅበት በነበረው የጎንደር ገጠር የቀጥቃጭ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው በዚህ የሚገረም አይመስለኝም።

ባርኔአ ራሷ በጥንት አፈር ላይ ነው የተሠራችው፤ በሰፈሩ ውስጥ ሞዛይክ የተነጠፈበት የቢዛንታይን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ተገኝቷል። ግቢ ሲቆፈር አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ነገር ብቅ ካለ በሎሚና በአመድ መፈተግ ክፉ ስህተት ነው፤ ዝገቱ ራሱ ማስረጃ ይዟል። የ1978ቱ የእስራኤል የቅርስ ሕግ ደግሞ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ሕጉ ከወጣ በኋላ ከመሬት የወጣ ቅርስ የመንግሥት ንብረት ነው።