ስለ ወንድ ዘርና ስለ ሴት እንቁላል መተዋወቅ

በጅጅጋ ሜዳና ከዚያም ወዲያ እስከ አውበሬና እስከ ቶጎ ውጫሌ ድረስ የሕዝቡ ሀብት ከብት፥ ግመል፥ በግና ፍየል መሆኑ የታወቀ ነው። እንስቲቱ ሳትፀንስ በቀረች ጊዜ ባለቤቱ መካን ናት ብሎ ወደ ገበያ ቢያወጣት፥ ጥፋቱ የአውራው ሆኖ ሳለ ደህናይቱን እናት ሸጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሹማምንትና ባለመንጎች ፅንስ እንዴት እንደሚጀመር ማወቅ ይገባቸዋል።

ከአውራው የሚወጣው ዘር ብዙ ሚሊዮን ነው፤ ከእንቁላሉ ጋራ የሚዋሐደው ግን አንዱ ብቻ ነው። ዘሩ አስቀድሞ እንቁላሉን የከበበውን ወፍራም ልባስ ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ እንግዳ በደጅ ቆሞ ማንነቱ እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ አይገባም። በዘሩ ራስ ላይ ያለው ፕሮቲን በእንቁላሉ ገላ ላይ ካለው ፕሮቲን ጋራ ሲጋጠም ሁለቱ ይተዋወቃሉ፤ ይህ ካልሆነ አንድ አይሆኑም። የዘሩን ፕሮቲን ኢኖዌና ኦካቤ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋራ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ዓመት አግኝተው፥ በአገራቸው ስለ ጋብቻ በሚጸለይበት መቅደስ ስም ኢዙሞ አሉት። ከእርሱ ጋራ የሚጋጠመውን የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት በ2014 ዓመት አግኝተው፥ በጥንት ሮማውያን የጋብቻ ጣዖት ስም ጁኖ ብለው ጠሩት። በአይጥ እንደታየው፥ አንድ ዘር ከገባ በኋላ ጁኖ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከእንቁላሉ ገላ ይረግፋል፤ ሌላ ዘር ቢመጣም የሚቀበለው አያገኝም።

ኢዙሞ የሌላቸው ወንድ አይጦች በተመረመሩ ጊዜ ጤነኞች ነበሩ፤ ዘራቸውም ይዋኝ፥ የእንቁላሉንም ልባስ ያልፍ ነበር። ሆኖም ከእንቁላሉ ጋራ ሊዋሐድ ስላልቻለ አልወለዱም። እንግዲህ የአውራው ጉልበትና የመልኩ ማማር ብቻውን ምስክር አይሆንም።

በግመል ነገሩ ይብሳል። የግመሊቱ እንቁላል እንደ ላም እንቁላል በየጊዜው በራሱ አይወጣም፤ የሚወጣው አውራው ካጠቃት በኋላ ነው። እርግዝናዋም 13 ወር ያህል ስለሆነ፥ በመካን አውራ የባከነው ጊዜ ቶሎ አይመለስም።

ስለዚህ በአንድ አውራ የተጠቁ ብዙ እንስቶች ባዶ የቀሩ እንደሆነ፥ አስቀድሞ አውራውን መጠርጠር ይገባል። የወረዳው ሹም የእንስሳት ሐኪም አስጠርቶ ዘሩን በማጉሊያ መነጽር ያስመርምር። ነገር ግን የኢዙሞ ጉድለት በመነጽር አይታይምና፥ ዘሩ ደህና ቢመስልም እንስቶቹን በሌላ አውራ ማስጠቃት ይሻላል። በሁለተኛውም ያልፀነሰች እንደሆነ ያን ጊዜ የእርሷ ሕመም ይመርመር፤ የፀነሰች ግን ከገበያ ተርፋ ለጌታዋ ትወልዳለች።